የሄዱ ሰዎች ሥራና ስም፤ በጎንደርና በዐዲስ አበባ ስለ ቀሩት የአይሁድ ቦታዎች፥ ከወላይታ ሶዶ የታየ

በሶዶና በዙሪያዋ በሚቆሙት የወላይታ ገበያዎች ድስት፥ ምጣድ፥ ጀበናና እንስራ ዘርግተው የሚቀመጡ ሴቶች አሉ። የእጃቸው ሥራ የማይገባበት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ቡናው በእነርሱ ጀበና ይፈላል፥ ጎመኑም በእነርሱ ድስት ይበስላል። ነገር ግን በወላይትኛ «ጭናሻ» የሚባለው ይህ የሸክላ ሠሪዎች ወገን በጥንቱ ሥርዐት ከባለ መሬቱ ጋራ በአንድ ማእድ አይቀርብም፥ ከእርሱም ጋራ አይጋባም ነበር። ሥራው ይፈለጋል፤ ሠሪው ግን ይገፋል። ይህን የተመለከተ ሰው በሰሜን ኢትዮጵያ ተመሳሳይ ዕጣ የነበረውን፥ ዛሬ ግን በመንደሮቹ የማይገኘውን ሌላ ሕዝብ ማሰቡ አይቀርም። እርሱም ቤተ እስራኤል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቤተ እስራኤልና ከዓደን የመጡ አይሁዳውያን ነጋዴዎች በአገራችን ስለ ተዋቸው ቦታዎች ጥቂት ለመናገር፥ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ቦታው ምን እንደሚሆን ለመመርመር፥ ከዚያም ለወላይታ የሚሆነውን ትምህርት ለማውጣት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

የአይሁድን የታሪክ ቦታዎች ስለ መጠበቅ ሲነሣ እጅግ ብዙ የተጻፈው ስለ ጀርመን አገር ስለ ሆነ፥ አስቀድመን እርሱን እንደ መለኪያ ብንወስደው ይጠቅማል። በ1933 በዚያ አገር ግማሽ ሚሊዮን ያህል አይሁድ ይኖሩ ነበር። በታላላቅም በታናናሽም ከተሞች ሱቅ፥ ባንክ፥ የጨርቅ ፋብሪካና የከብት ንግድ ነበራቸው። በኖቬምበር 9 እና 10 ቀን 1938 ከ1,400 በላይ ምኩራቦችና ጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ ወይም ፈረሱ፤ 7,500 ያህል ሱቆችም ተሰባበሩ። ንብረቱ በሕግ ስም ከባለቤቶቹ እጅ ወጣ፤ ከአገር መውጣት ያልቻሉትም አብዛኞቹ ተገደሉ። ታላቁ የሄርማን ቲትስ የንግድ ቤት ከ1933 በኋላ ከአይሁዳውያን ባለቤቶቹ ሲነጠቅ «ሄርቲ» ተባለ። ይህ ስም ከ«ሄርማን» እና ከ«ቲትስ» መጀመሪያ ፊደሎች የተቀጠለ ነበርና፥ ባለቤቱ ተባርሮ የስሙ ቁራጭ በበሩ ላይ ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን የተሠራው ሥራ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ሕንፃን ማደስ ነው፤ በቮርምስ ከተማ መጀመሪያ በ1034 የተሠራው ምኩራብ በ1938 ተቃጥሎ በ1961 እንደ ገና ቆመ። የሽፓየር፥ የቮርምስና የማይንስ የአይሁድ ቦታዎችም በ2021 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ሁለተኛው ስምን ማደስ ነው። ጉንተር ዴምኒግ የሚባለው ሠዓሊ የተገደሉትንና የተሰደዱትን ሰዎች ስም በትንሽ የናስ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ፥ በመጨረሻ በፈቃዳቸው ይኖሩበት ከነበረው ቤት ደጃፍ በእግረኛ መንገድ ላይ ያስተክላል። እነዚህ ድንጋዮች በ2023 በልዩ ልዩ አገሮች 100,000 ደረሱ። በከተሞቹ ያሉ የታሪክ አጥኚዎችም ይህ ሱቅ የማን ነበር፥ መቼ ተሸጠ፥ በስንት ተሸጠ፥ ሻጩስ ወዴት ሄደ እያሉ ቤት በቤት መዝግበዋል።

ይህን ማንሣታችን የአገራችንን ታሪክ ከጀርመኑ እልቂት ጋራ እኩል ለማድረግ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ እስራኤልን ለማጥፋት የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም አልነበረም፤ አብዛኞቹ ወደ ተስፋዪቱ ምድር ለመግባት በገዛ ፈቃዳቸው የሄዱ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሠሪው በሌለበት ሥራውን፥ ባለ ስሙ በሌለበት ስሙን የሚጠብቀው ማን ነው? የሚጠበቀውስ ምኑ ነው?

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። ይህ ሕዝብ ራሱን ቤተ እስራኤል ይላል፤ ሌላው ሕዝብ «ፈላሻ» ወይም «ካይላ» ይለው ነበር፤ እነርሱም «ፈላሻ» መባልን እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። ሃይማኖታቸው በግእዝ በተጻፈው ኦሪት የተመሠረተ ነው። ጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉታል፤ መሪዎቻቸውን ቄስ ይላሉ፤ በየዓመቱም ስግድ የሚባለውን በዓል በተራራ ላይ ያከብሩ ነበር። በሌላው ዓለም አይሁድ ዘንድ ያልተለመደ ምንኵስናም ነበራቸው፤ ትውፊታቸው መሥራቹ በ15ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አባ ሰብራ ናቸው ይላል።

የእጅ ሥራ ከዚህ ሕዝብ ጋራ እንዴት እንደ ተጣመረ መረዳት ለጉዳያችን ዋና ነገር ነው። ትውፊት እንደሚለው በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ የተጠመቀው የአባቱን ርስት እንዲይዝ፥ ያልተጠመቀው ግን ርስት አልባ እንዲሆን አዘዙ። በስሜን ተራሮች የነበረውም ራስ ገዝነት በዐፄ ሠርጸ ድንግልና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በተደረጉት ጦርነቶች ተሰብሮ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አበቃ። ርስት የሌለው ሰው የሌላውን መሬት በጭሰኝነት ያርሳል፤ የጐደለውን በእጁ ሥራ ይሞላል። ስለዚህ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፥ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላም ብዙዎቹ በግንበኝነትና በዐናጢነት ለነገሥታቱ አገለገሉ። ካይላ ሜዳ የተባለው የጎንደር ሰፈር ስም የዚያ ዘመን ምስክር ነው።

ጄምስ ኲሪንና ስቲቨን ካፕላን በ1992 ባወጧቸው መጻሕፍት እንዳስረዱት፥ የቤተ እስራኤል አቋም በአንድ ጊዜ ከውጭ እንደ ተመላ ዕቃ የመጣ ሳይሆን፥ በአገሩ ውስጥ በመሬት፥ በጦርነትና በሃይማኖት ትግል እየተቀረጸ የሄደ ነው። እንግዲህ የእጅ ጥበቡ ከርስት መነጠል ያመጣው ነበር እንጂ በተፈጥሮ የተሰጠ ሙያ አልነበረም። ጎረቤት የሆነው ገበሬ ግን ነገሩን ገልብጦ አየው። ማረሻውንና ማጭዱን ከቀጥቃጩ ይገዛል፤ ቀጥቃጩን ግን ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያለ ዐይኑን ይፈራል። ቤተ እስራኤልም በበኩላቸው ከሌላው ሕዝብ ጋራ ከተነካኩ በኋላ የመታጠብና የመንጻት ሥርዐት ስለ ነበራቸው፥ መለያየቱ ከሁለቱም ወገን የጸና ሆኖ ኖረ።

ይህ ታሪክ በመንደሮቹ አቀማመጥ ላይ ተጽፎ ይታያል። መንደሩ ለመታጠቢያ እንዲመች በወንዝ አጠገብ ይሠራል። መስጊዱ በመካከል ወይም ከፍ ባለ ስፍራ ይቆማል፤ ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ጊዜ የሚቀመጡበት የመርገም ጎጆ ከዳር ይሆናል፤ የብረት መቀጥቀጫውና የሸክላ መተኰሻው ስፍራም የታወቀ ነው። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ቢቀር፥ ሌላው ከጠፋ ትርጕሙ ይጐድላል። አንድን ጸሎት ቤት ጠብቆ የመርገም ጎጆውንና የቀጥቃጩን ምድጃ የተወ ሰው መጽሐፉን ቀዶ አንድ ገጽ እንዳስቀረ ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎች ያውቁታል። ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867 እና 1868፥ ዣክ ፋይትሎቪች ደግሞ በ1904 መጥተው ይህን ሕዝብ ከሌላው ዓለም አይሁድ ጋራ አስተዋወቁት። ፋይትሎቪች በ1923 በዐዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በፓሪስና በፊሬንሴ የተማሩት የቤተ እስራኤል ልጅ ታምራት አማኑኤልም መሩት። ትምህርት ቤቱ ግን የኢጣልያ ወረራ በደረሰ ጊዜ ተዘጋ። በ1975 የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር ቤተ እስራኤል ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የሚያርሱት መሬት ባለ ይዞታ ለመሆን በሕግ ተፈቀደላቸው። ሆኖም የእርስ በርስ ጦርነትና ረኃብ ተከተለ። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ድረስ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በእግር ጕዞውና በሱዳን መጠለያዎች ግን በሺህ የሚቈጠሩ ሞቱ። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከዐዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። አባቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉባቸው ወገኖች ከዚያም በኋላ እየተከታተሉ ሄደዋል፤ በጎንደርና በዐዲስ አበባ ተራቸውን የሚጠባበቁም አሉ። የስግድ በዓል በ2008 በእስራኤል አገር የመንግሥት በዓል ሆኖ ታወጀ፤ ይከበርበት የነበረው የአምቦበር ኮረብታ ግን ያለ ምእመናን ቀረ።

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን፥ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ ለጥያቄያችን ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ ትሆናለች። በዚህች መንደር የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ከድስትና ከእንስራ ሌላ ለጎብኚ የሚሸጡ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ይሠሩ ነበር፤ አንበሳ፥ ኦሪት የያዘ ቄስ፥ የዳዊት ኮከብ ያለበት ልዩ ልዩ ዕቃ። ሴቶቹ ሄዱ። ጎብኚው ግን መምጣቱን አላቆመም። ስለዚህ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶች ሥራውን ተምረው ምስሎቹን መሥራትና መሸጥ ጀመሩ። በግድግዳና በሰሌዳ ላይ የዳዊት ኮከብና «የፈላሻ መንደር» የሚል ጽሑፍ ለመንገደኛ ይታያል፤ ትንሹም ጸሎት ቤት ለጎብኚ ይከፈታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጭቃ መንካት የቡዳ ሥራ ነው ይባል በነበረበት አገር፥ የሰዳቢው ልጅ ዛሬ በዚያው ጭቃ እንጀራውን ያበስላል። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሥራ ለሚሠራው ሁሉ የተፈቀደ ነው፥ ድኻ ሴትም ልጆቿን ማሳደግ አለባት። የሚያሳዝነው ግን ሥራው የተከበረው ሠሪዎቹ ከሄዱ በኋላ መሆኑ ነው። ደግሞም የቀረው ለገበያ የተመቸው ብቻ ነው። ምስሉ ቀረ፤ አፈሩ ከየትኛው ጕድጓድ ይወሰድ እንደ ነበር፥ ምን ዐይነት አፈር ከምን ጋራ ይቀላቀል እንደ ነበር፥ የትኛው ቤት የማን እንደ ነበረ የሚናገረው ግን በእስራኤል አገር የሚያረጀው ትውልድ ነው። ሰሌዳውም ቢሆን ባለቤቶቹ የሚጠሉትን ስም ይዞ ቆሟል።

ከመንገድ የራቁት ቦታዎች ዕጣቸው ከዚህ የተለየ ነው። የመነኮሳቱ መኖሪያ የነበሩት ስፍራዎች፥ ከእነርሱም ታዋቂው ሆኽዋርዋ፥ ለብዙ ዘመን የሚጐበኛቸው አልነበረም። በ2015 ባር ክሪቡስና ቬሬና ክሬብስ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን የሚገኙትን የገዳማት ቦታዎች እየዞሩ መፈለግ ጀመሩ። ቤቶቹ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ ስለ ነበሩ ቶሎ ይፈርሳሉ፤ አጥኚው የሚመራው በአጥር ድንጋይ፥ በመቃብር ቦታና ይልቁንም በአካባቢው ሽማግሌ ትዝታ ነው። በጀርመን አገር ፖሊስ፥ ግብር ሰብሳቢና የከተማ መዝገብ የጻፉት ወረቀት ለታሪክ ጸሐፊ ይረዳዋል። በእኛ አገር የጭሰኛን ቤት የመዘገበ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌ በሞተ ቍጥር መዝገብ ይቃጠላል።

በዐዲስ አበባ ያለው ምሳሌ የሌላ ዐይነት ሰዎች ነው። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ ከዓደንና ከየመን የመጡ አይሁዳውያን ነጋዴዎች በከተማዪቱ ተቀመጡ። እነርሱ ከቤተ እስራኤል ጋራ በዘርም በቋንቋም በኑሮም አይገናኙም ነበር፤ ዐረብኛ ተናጋሪ፥ ከእንግሊዝ ግዛት ከዓደን ወደብ ጋራ የተሳሰሩ ነጋዴዎች ነበሩ። ቆዳና ቡና ወደ ውጭ መላክ፥ ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ማስገባት ሥራቸው ነበር። የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 ዐዲስ አበባ ሲደርስ ይህ ንግድ ሰፋ። የራሳቸውም ምኩራብ ነበራቸው። በአስመራም እንዲሁ ከዓደን የመጡ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ በ1906 የተሠራው ምኩራባቸው ዛሬም ቆሞ ይገኛል።

በአራዳ ቤኒን ሰፈር የሚባለው ስፍራ ከእነዚህ ነጋዴዎች ቤተ ሰብ በአንዱ ስም የተጠራ ነው። ዛሬ በታክሲ ወደዚያ የሚሄደው ሰው ስሙን በቀን ብዙ ጊዜ ይጠራዋል፤ ቤኒን ማን እንደ ነበር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት ሲሆን እንደ ሌሎቹ ባለ ሀብቶች ሁሉ የእነዚህም ነጋዴዎች ኑሮ ተናጋ፤ ማኅበሩም አነሰ። ይህ ዐዋጅ በአይሁድ ላይ የወጣ አልነበረም፤ አርመኑን፥ ግሪኩን፥ ዐረቡንና ኢትዮጵያዊውን ባለ ቤት በእኩል የነካ ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ሱቁ ሌላ ተከራይ ገባበት፥ ስሙ ብቻ ቀረ። የድሮዎቹ የአራዳ ቤቶች ለአዲስ ሕንፃና ለመንገድ ሲፈርሱ ደግሞ ስሙ የሚያመለክተው ድንጋይ እንኳ ያጣል። የሰፈር ስም ከግንብ ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል፤ ነገር ግን ትርጕሙን የሚያውቅ ከጠፋ ድምፅ ብቻ ይሆናል።

በዚያችው ከተማ በቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሠሪዎች፥ ሸማኔዎችና ብረት ቀጥቃጮች ይኖራሉ። ከእነርሱ ወገን አንዳንዶቹ የቤተ እስራኤል ዘር ነን ይላሉ፤ ሌሎቹ በክርስትናቸው ጸንተው ይህን አይቀበሉም። እኛ በዚህ ክርክር ውስጥ አንገባም። የቀጨኔ ጥቅሙ ለእኛ ሌላ ነው፤ እዚያ ሠሪውም ሥራውም ስሙም ገና በአንድ ላይ ይገኛሉ፥ ጠያቂም መልስ ያገኛል።

ወላይታም እንዲሁ ናት። እዚህ ላይ ግን አንባቢን ማስጠንቀቅ ይገባናል። ጭናሻ እንደ ቤተ እስራኤል በእጅ ሥራው የተገፋ ስለ ሆነ ሁለቱ አንድ ዘር ናቸው ማለት ስሕተት ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ሸክላ ሠሪ፥ ብረት ቀጥቃጭና ቆዳ ፋቂ ለየት ብለው ኖረዋል፤ ተመሳሳይ የመሬት ሥርዐት ተመሳሳይ ኑሮ ይወልዳል። የወላይታ ሸክላ ሠሪዎች በወላይታ ነገሥታት ዘመን በዚህ ሥርዐት ውስጥ ነበሩ። ካዎ ጦና በ1894 ተሸንፈው አገሩ በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላም ሥርዐቱ አልተለወጠላቸውም። የ1975ቱ ዐዋጅ መሬት እንዲያገኙ በር ከፈተ፤ በጋብቻና በማእድ ያለው መለያየት ግን በዐዋጅ ብቻ የሚሻር አልሆነም።

አሁን የሚያስፈራው ሥራውን የሚያጠፉ ነገሮች መብዛታቸው ነው። የአሉሚኒየም ድስትና የፕላስቲክ ጀሪካን የሸክላውን ገበያ ይሻማሉ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ተምራ ከተማ ብትገባ የእናቷን ሥራ መደበቅ ትመርጣለች፤ ስድቡን ታውቀዋለችና ማንም ሊፈርድባት አይችልም። ስለዚህ ከወለቃ ይልቅ በወላይታ ጥፋቱ በዝግታና ያለ ድምፅ ሊመጣ ይችላል። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ በሶዶ የሸክላ ምስል የሚሸጥ ሱቅና «የጭናሻ መንደር» የሚል ሰሌዳ ብናይ፥ ባለ ሥራዎቹ ግን በሌሉበት ቢሆን፥ ቅርስ ጠበቅን ማለት አንችልም።

እንግዲህ መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። ተማሪዎች በየወረዳው ሄደው አፈር የሚቈፈርበትን ስፍራ ከነስሙ፥ በወላይትኛ የእያንዳንዱን መሣሪያና የሥራ ደረጃ መጠሪያ፥ የእያንዳንዱን ዕቃ መልክና ልክ፥ በገበያ የሚቀመጡበትን ቦታ፥ የተለየ የመቃብር ስፍራ ካለም እርሱን ይመዝግቡ። ከሁሉ በፊት ግን የሠሪዋን ስም በፈቃዷ ይጻፉ። በቤተ መዘክሮቻችን የሚቀመጠው ማሰሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የተገኘበትን አገርና ገዝቶ ያመጣውን ሰው ስም ነው፤ የሠራችው ሴት ስም አይገኝበትም። የጀርመን ከተሞች ከሁሉ ነገር በኋላ የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር ቤቱን ከባለቤቱ ስም ለይቶ መጠበቅ እንደማይቻል ነው፤ ያን የተማሩት ግን ከእልቂት በኋላ ነበር።

ስለ ጎንደርም ቢሆን ጊዜው ፈጽሞ አላለፈም። በእስራኤል አገር ያሉት የወለቃና የአምቦበር ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ሳሉ፥ የኢትዮጵያና የእስራኤል ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው የየመንደሩን ካርታ ከአፋቸው ቢሥሉ፥ የትኛው ምድጃ የማን እንደ ነበር ማወቅ ይቻላል። በዐዲስ አበባም የቤኒን ሰፈር ቤቶች ታሪክ ከንግድ መዝገብና ከቀሩት ጎረቤቶች ሊሰበሰብ ይችላል። በወላይታ ግን መሄድ እንኳ አያስፈልግም፤ ሴቶቹ በመጪው ገበያ ቀን በቦታቸው ይገኛሉ።